ከጠረጴዛው ሥር ያለው ፔዳል

ዘካሪያስ ፔዳሉን ረገጠ፤ የማይክሮፎኑንም ቁልፍ ጨበጠ። «አዲስ አበባ፣ አርባ ምንጭ ነኝ። ይሰማል?»

«ጥርት ብሎ!» አለው የአዲስ አበባው የሬዲዮ ሠራተኛ። «አቶ ወልደ ሚካኤል አጠገቤ ናቸው።»

ከጀርባው የቆመችው ጽጌሬዳ የአባቷን ስም ስትሰማ ጠጋ አለች። አባቷ ነገ ለሥራ ወደ አስመራ ይበራሉ። ጎርፍ መንገዱን ቆርጦት ሽማግሌ መላክ ባይቻል፣ «ልጁ ራሱ በአንደበቱ ይጠይቀኝ፤ ዛሬ ካልሰማሁት ወሬው ለከርሞ ይደር» ብለዋል። ዘካሪያስ የሚሠራበት የሙዝ እርሻ ሥራ አስኪያጅም በመንግሥት ሬዲዮ ስለ ጋብቻ ሲወራ ላለመስማት ብለው፣ ሙዙን ልይ በሚል ሰበብ ወጥተውላቸዋል። ደግ ሰው!

መቼም ሬዲዮው ብቻውን ከአርባ ምንጭ አጠገብ ያለችውን ጫኖንም የሚሻገር አይመስልም። ድምፁን የሚያጎላው ማጉያ ደግሞ ሰው በተናገረ ቁጥር ቀስቅሱኝ ባይ ነው፤ የማይክሮፎኑ ቁልፍ ሲጨበጥ በራሱ የሚቀሰቅሰው ሽቦ ግን አብሮት አልመጣም። ዘካሪያስ ታዲያ ከበር መጥሪያ ቁልፍ ፔዳል ሠራለት። ሲናገር ይረግጣል፣ ሲያዳምጥ ይለቃል።

«እሺ ልጄ፣ ወልደ ሚካኤል ነኝ» አለ ወፍራም ድምፅ።

ዘካሪያስ ብድግ! ልጅ ሊጠይቅ የሄደ ሰው እሺታውን ሳያገኝ መች ይቀመጣል? እጅ ነሣ፤ ጤናቸውን ጠየቀ፤ ልመናውንም አንድ ሳያስቀር አቀረበ። እግሩ ግን ከፔዳሉ ርቆ፣ ማጉያው ጭጭ ብሏል።

«ምነው ዝም አለ? ፈራ እንዴ?» አሉ አባትየው።

ደንግጦ ተቀመጠና ረገጠ። «ይቅርታ ጌታዬ» ከማለቱ ግን ጉልበቱ አሁንም ብድግ አደረገው። አስተዳደጉ ነው፣ ምን ያድርግ! ከአዲስ አበባ «ልሂድ መሰለኝ» የሚል የአባትየው ድምፅ ተሰማ።

ጽጌሬዳ ሳቋም እንባዋም አንድ ላይ መጣ። ቀሚሷን ሰብስባ ጠረጴዛው ሥር ገባችና ፔዳሉን በሁለት እጇ ተጫነችው። እሱም እንደ ወጉ ቆሞ ተናገረ።

«ጌታዬ፣ ጽጌሬዳን ለትዳር ፈልጌ ነው። ሽማግሌዎቼ መንገድ ቢያጡ ራሴ ደጅዎ ቆሜያለሁ።»

ሲጨርስ በጉልበቱ ነካ አደረጋት፤ ለቀቀችው።

«እውነት ቆመህ ነው?» አሉ አባትየው።

ተጫነች። «ቆሜ ነው፣ ጌታዬ።»

ለቀቀች።

«እንግዲያው ተቀመጥ፣ ልጄ።»

ጽጌሬዳ ከጠረጴዛው ሥር ጉልበቱ ቀስ ብሎ ሲታጠፍ አየች። ዘካሪያስ ሊያመሰግን የማይክሮፎኑን ቁልፍ ጨበጠ፤ ጽጌሬዳ ግን ቀደመችው። ሙሽራ ለራሷ እልል አትልም፤ እሷ ግን ፔዳሉን ባላት ኃይል ተጫነችና እልልታዋን እስከ አዲስ አበባ ለቀቀችው።