የግራው ዳር ናሙና

ጂኦሎጂስቷ ሳጥኑ ላይ እንዳጎነበሰች ቀረች። ወገቧ ቢነድድም ቀና አላለችም።

የግድቡ ግራ ጎን ከሚያርፍበት ዳገት ተቆፍሮ የወጣው ናሙና በረጅሙ የእንጨት ሳጥን ተደርድሯል፤ ክንድ የሚያክል ድብልብል ድንጋይ፣ ከዚያ ሌላ ድንጋይ፣ ከዚያ ደግሞ ድንገት እርጥብ ጭቃ። ከጭቃው ቆንጠር አድርጋ በመዳፏ አንከባለለችው። ሳይበጠስ እንደ ክር ቀጠነ። እንዲህ ያለ ጭቃ ግድብ አይሸከምም።

የቀኙ ዳር ድንጋይ ንጹሕ ነበር። እዚህኛው ላይ ግን ነገሩ አላማራትም። ተከታትለው የወጡ ናሙናዎች ስብራታቸው ልክ ለልክ ይገጥማል። እነዚህ አልገጠሙም። አንድ ሰው እጁን አስገብቷል።

ማን እንደሆነ ለማወቅ ጠንቋይ መቀለብ አያስፈልግም። የቁፋሮ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰውን ሰውዬ፣ ታሞ ስለማያውቅ «ብረቱ» ይሉታል። እናቱ የሚኖሩት እዚያው ዳገት ላይ ነው። ግድቡ ከተሠራ የዳገቱ ሰው በሙሉ ይነሣል። ካልተሠራ ማንም አይነካቸውም።

ስልኳ ጮኸ። ዋናው መሥሪያ ቤት ነው።

«ዛሬ ቁርጡን ንገሪን። ግራው ይሸከማል ወይስ አይሸከምም?»

«ሌላ ጉድጓድ ልቆፍር።»

«ዝናቡ ደረሰ እኮ! ማሽኑ ነገ ይነሣል።»

ልጆቿ ወንዙ ቁልቁል ወርዶ በሚያልፍበት ከተማ ከአያታቸው ጋር ናቸው። ቧንቧቸው ውሃ ካየ ከርሟል። የምትለው አንዲት ቃል እነሱ ላይ ነው የምታርፈው። ጨነቃት።

ወደ ዳገቱ ወጣች። ብረቱ የእናቱን በር ነቅሎ በመላጊያ ይልገዋል።

«እንደገና አልዘጋ አለኝ» አለ። «ባለፈው ሳምንት ልጌው ነበር።»

ግድግዳው ላይ ከጣሪያ እስከ ወለል የወረደው ስንጥቅ በአዲስ ጭቃ ተለስኗል። ቤቱን እንዲህ የሚጠጋግን ሰው ለመልቀቅ አላሰበም፣ አለች በሆዷ።

እናትየው ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል። «ከዚህ ቤት የሚወጣው ሬሳዬ ነው፣ ልጄ» አሏት ሳትጠይቃቸው። «ይሄ ደግሞ ሲጨቀጭቀኝ ይውላል!»

ብረቱን ወደ ጓሮ ወሰደችው።

«ሳጥኑ ውስጥ እጅህ አለበት።»

አልካደም። መላጊያው ከእጁ ወደቀ።

«ምን ላድርግ?» አለ። «እግሯ ላይ ወድቄ ለመንኳት። አለቀስኩ። ሽማግሌ ላክሁባት። ወይ ፍንክች! ያለችኝ እሷ ብቻ ናት፣ ኢንጂነር። ቁጭ ብዬ ልያት?»

አንጀቷን በላት። ልጆቿም ትዝ አሏት። ወደ ናሙናው መጋዘን ቁልቁል ወረደች።

ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ጭቃ ሙልጭ አድርጋ ጠርጋ ደፋችው። ድንጋዩን በመዶሻ መታችው፤ ጥርት ብሎ ጮኸ። ትንሽ አመነታች። ከዚያ ስልኩን አነሣች።

«ድንጋዩ ደህና ነው» አለች። «ጭቃው ሰው የጨመረው ነው። ግራው ይሸከማል።»

ወዲያ ማዶ ጭብጨባ ተሰማ። ማሽኑን ጫኑ አሉ።

ከመጋዘኑ ስትወጣ ብረቱ በራፉ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ተወሰነ» አለችው፣ ዓይኑን ሳታይ። «ይሠራል።»

«እምቢ ብትልስ? በግድም ቢሆን ያነሷታል?»

«በግድም ቢሆን። ሰሞኑን።»

ብረቱ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። አጠገቡ ተቀመጠች። በሕይወቷ እንደዚያን ቀን ራሷን ጠልታ አታውቅም።

«ይቅር በለኝ» አለችው። «ሌላ ምርጫ አልነበረኝም። የጨመርከውን ጭቃ አውጥቼ ደፋሁት።»

ብረቱ እንባውን በእጅጌው ጠርጎ ግራ ገብቶት አያት። «ጭቃውማ የራሱ የዳገቱ ነው፣ ቤቷን ይዞ የሚንሸራተተው፤ ከቀኙ ዳር ያመጣሁት ድንጋይ አለቀብኝ እንጂ እሱንም እተካው ነበር።»