የሲቀላ ገበያ ቧንቧ

ፈቃደ የአዲሱን ቧንቧ መክፈቻ ጠመዘዘ። ማዘጋጃ ቤቱ በሲቀላ ገበያ ላይ ቀረጥ ሲጨምር ሰብሳቢው እሱ ነበር፤ «በዚህ ገንዘብ ውሃ እናስገባላችኋለን» እያለ ነጋዴ ሴቶቹን የለመነውም እሱው ነው። አሁን ሁሉም ከበውት ሲጠብቁ ቧንቧው አየር ብቻ ተነፈሰ።

«አንተ ውሸታም!» አለችው ሙዝ ነጋዴዋ ወርቂቱ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። ጭማሪውን እያጉረመረመች ነበር የከፈለችው። ፈቃደ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ተመኘ።

ድንገት ቧንቧው አጓራና ድፍርስ ውሃ ተፋ፤ ቀስ በቀስም ጠራ። ገበያው በእልልታ ተናጋ። ወርቂቱ በእፍኟ ተቀብላ ጠጣች፤ የተረፈውን ፊቱ ላይ ረጨችበትና ሁለቱም በሳቅ ፈነዱ።

«በል እንግዲህ ጓድ ቀራጭ» አለችው፣ «ፀሐዩ ሙዜን እያጠቆረብኝ ነው። ለገበያው ጣሪያስ ስንት እንጨምር?»