ኮቴ ሰሚዋ ሳጥን

በ2004 ዓ.ም. የካቲት ወር መጀመሪያ አንዲት የመንግሥት መኪና ንፋስ መውጫ ከተማ ገባች። ይዛው የመጣችው መኮንን ሻምበል ካሣሁን ይባላል። የላከው መሥሪያ ቤት ለሠራዊቱ የመገናኛና የቅኝት መሣሪያ ለሚሞክሩ አነስተኛ ድርጅቶች የምርምር ገንዘብ ይሰጣል።

ሊያይ የመጣው የሬዲዮ ጠጋኙን የደምሌን ሥራ ነው። ደምሌ በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅቶ ከቀበሌ አንዲት የቆርቆሮ ሼድ ተሰጥቶታል። በዚህ ዓመት አዲስ ሥራ ካላሳየ ሼዷ ለብረት በያጆች ትሰጣለች ተብሏል። ሌላ መተዳደሪያ የለውም።

ሥራው አንዲት የእንጨት ሳጥን ናት። ደወልና ሁለት አምፖል አላት። ሰው ከሩቅ ሲመጣ ኮቴውን ከመሬት ሰምታ ትደውላለች ይላል ደምሌ። በገደሉ በኩል ከመጣ ቀዩ፣ በመንገዱ በኩል ከመጣ አረንጓዴው ይበራል።

ሙከራው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ጉብታ ላይ ባለው የአማቱ የእማማ ቦጋለች ቤት ተደረገ። ሻምበሉ ተጠራጣሪ ነው። መስኮቱን አስደፈነ፤ በሩን አስዘጋ፤ የሁሉንም ስልክ ሰብስቦ ኪሱ ከተተ። ወታደሮቹን፣ «በፈለጋችሁት ሰዓት፣ በፈለጋችሁት በኩል ተደብቃችሁ ኑ» ብሎ ላካቸው።

«ያ ማነው?» አለ፣ ጥግ ላይ የተቀመጠውን ሰው አይቶ።

«የሱፍ ነው። ሽቦና ባትሪ የምገዛው ከሱ ነው።»

«ስልክም ይሸጣል?»

«ይሸጣል።»

ሻምበሉ የሱፍን ከእግር እስከ ራሱ አየው።

ደምሌ ጫማውን አወለቀ። ባዶ እግሮቹን ከሳጥኗ ሥር በወጡት ሁለት ሽቦዎች ላይ አሳረፈ። «መሬት ካላስያዝኳት አትሰማም» አለ። እጆቹን ሻምበሉ እንዲያያቸው ጉልበቱ ላይ ዘረጋ።

ወታደሮቹን መጠባበቅ ጀመሩ። ከቤቱ ጀርባ፣ ከእህል መጠበቂያው ማማ ላይ፣ የእማማ ቦጋለች ድምፅ ተሰማ።

«ኧረ ሂድ! አንተ መቀመጫህ የተላጠ! ደግሞ በገደሉ ዞረህ መጣህ?» የወንጭፍ ድንጋይ አፏጨ።

«ዝንጀሮ ነው» አለ ደምሌ። «ከጉና ተራራ እየወረደ አስቸገረን።»

ሻምበሉ ፈገግ አለ። የእስቴ ገበሬ ልጅ ነው፤ ያደገው ማማ ላይ እንዲህ ሲጮኽ ነው።

ደወሉ ጮኸ፤ ቀዩ በራ። ጥቂት ቆይቶ ሁለት ወታደሮች እሾህ ከልብሳቸው እየነቀሉ ከገደሉ ብቅ አሉ።

በሁለተኛው ሙከራ አረንጓዴው በራ። ወታደሮቹ በመንገዱ መጡ። ሻምበሉ ሳጥኗን ከፍቶ በረበረ፤ ስልክ የለባትም። የሱፍን እንደገና አየው።

«እኚህ ሴትዮ ደግሞ ጆሮዬን አደነቆሩት። ሂድና ዝም አሰኛቸው» አለው ደምሌን።

«እኔ? አማቴን?» ደምሌ አማተበ። «ሻምበል፣ እርስዎ አማት የለዎትም?»

«አሉኝ» አለ ሻምበሉ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ከዚያ ወደ የሱፍ ዞረ። «በል አንተ ሂድ!»

የሱፍ ወጣ። ጩኸቱ ቆመ። ሳጥኗም ዝም እንዳለች ሦስት ወታደሮች በሩን በርግደው ገቡ።

«ያዝኩት!» አለ ሻምበሉ። «የሱፍ ሲወጣ ሳጥኗ ደነቆረች። ምልክት ሰጪው እሱ ነው!»

የሱፍ ሲመለስ ተፈተሸ። ከኪሱ መቁጠሪያና ሁለት ከረሜላ ወጣ። ሻምበሉ ክንዱን ጨብጦ ከጎኑ አስቀመጠው።

«የመጨረሻ ሙከራ ነው። አንተ እጄ ላይ ሆነህ ከደወለች ሳጥኗ እውነተኛ ናት። ካልደወለች፣ ደምሌ፣ ሼድህን እርሳት።»

ወታደሮቹ ወጡ። ደምሌ ጣሪያ ጣሪያውን አየ።

«የሱፍ፣ እማማ ምን አሉህ?»

«‹እህሌን ዝንጀሮ ቢበላው ሻምበሉ ሊያበላኝ ነው?› አሉ። ሌላም ብለዋል፤ እሱን አልደግመውም።»

ሻምበሉ የየሱፍን ክንድ እንደያዘ ተነሣ። ከዚያ አንገቱን በበሩ አወጣ።

«እማማ! ይቅርታ! እህልዎን ይጠብቁ!» ብሎ ጮኸና በሩን መልሶ ዘጋ።

ብዙም ሳይቆይ እማማ ቦጋለች ጮኹ።

«በገደሉም በመንገዱም! ዛሬስ ተማክራችሁ ነው የመጣችሁ፣ እናንተ ሌቦች!»

ደወሉ ጮኸ። ሁለቱም አምፖሎች አንድ ላይ በሩ። ወታደሮቹ በሁለቱም በኩል ደረሱ።

ሻምበሉ የየሱፍን ክንድ ለቀቀ፤ ይቅርታም ጠየቀው። ለደምሌ የምርምሩ ገንዘብ እንዲሰጠው፣ ሼዷም እንዳትነካበት እዚያው ፈረመለት። መኪናዋ ላይ ከወጣ በኋላ እንኳ አንገቱን በመስኮት ብቅ አደረገ።

«እማማን ይቅርታ ጠይቅልኝ። የለፉበትን ላስበላባቸው ነበር።»

«እነግራቸዋለሁ፣ ሻምበል።»

መኪናዋ ስትርቅ እማማ ቦጋለች ወንጭፋቸውን ጠቅልለው ከማማው ወረዱ።

ከማማው ሥር የነበረው ገብስ ከገና በፊት ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ጎተራ ገብቷል።