የተወተፈው ቱቦ

እታፈራሁ ዓይኗን ከቴክኒሻኑ እጅ አትነቅልም። ማርቆስ መሰላል ላይ ቆሞ የመኝታ ቤቱን ማቀዝቀዣ፣ የኤሲውን ክዳን ሲፈታ እሷ ከሥር አንገቷን አስግጋ ታያለች፤ ብሎን በፈታ ቁጥር ተቀብላ በመዳፏ ትይዛለች። ሰው ማመን ከተወች ወር ሊሞላት ነው። ከማሽኑ በታች ግድግዳው ርሶ ቀለሙ ተላልጧል፣ አልጋው ወደ በሩ ተገፍቷል፣ ወለሉ ላይ የልብስ ማጠቢያው ሳፋ ተደቅኗል።

መጀመሪያ የመጣው አሸናፊ የሚባለው ነበር። የውሃ መውረጃውን ቱቦ ሁለት ጊዜ ጠረገላት፣ ሁለቴም በሳምንቱ ተመልሶ ተደፈነና ውሃው ወደ ክፍሉ ፈሰሰ። በሁለተኛው ጊዜ፣ ከውጭ የሚወትፈው ሰው አለ ቢላት ሳቀችበት። ራሱ ወትፎ፣ ራሱ ተጠርቶ ሊከፈለው! ይህንኑ ለግማሹ የምሥራቅ ክፍለ ከተማ ሴት አውርታዋለች፤ እድር ላይም ከቅዳሴ ስትመለስም የልጁን ስም አጥፍታለች። ቀጥሎ የመጣው ደግሞ ክዳኑን እንኳ ሳይከፍት ማሽኑ ሞቷል፣ አዲስ ግዙ ብሏት ሄደ። ማርቆስን ያገኘችላት ብርቅዬ የምትባል ጎረቤቷ ናት። ከኛ ኳየር ነው፣ አብሮን ይዘምራል፣ ለሱ እኔ ዋስ ነኝ ብላታለች። እታፈራሁ ዋሱንም ተበዳሪውንም እኩል ነው የምትጠረጥረው።

ነገሩ የኤሲ ብቻ ቢሆን መስኮቱን ከፍታ፣ ከከተማዋ ሐይቅ የሚመጣውን ትንኝ ችላ ታድር ነበር። ግን ባሏ ገብረየስ በዚህ በመጋቢት ሙቀት አይተኛም። ካልተኛ ደግሞ በነጋታው ሌላ ሰው ነው። መነጽሩን ስኳር ዕቃ ውስጥ ያስቀምጣል። ሠላሳ አንድ ዓመት ከሠራበት የውሃ መሥሪያ ቤት የቧንቧ ሥራ ጡረታ መውጣቱን ረስቶ፣ በጠዋት ጫማውን አስሮ የመሥሪያ ቤቱን መኪና በር ላይ ይጠብቃል። ሐኪም ቤት ውሰጂው ያሏትን ሁሉ፣ እንቅልፍ አጥቶ ነው እያለች መልሳለች። ኤሲው ይሥራ፣ ሰውየው ይተኛ፣ ያኔ ገብረየስ ወደ ራሱ ይመለሳል። ይህን አጥብቃ ይዛዋለች፤ ሌላ የምትይዘው የላትም።

ማርቆስ ከመሰላሉ ይወርድና ማሽኑ ምንም እንዳልሆነ፣ ችግሩ ቱቦው ብቻ እንደሆነ ይነግራታል። ከውጭ በኩል ልየው ሲላት፣ ደግሞ ያው ዘፈን ሊጀመር ነው ብላ ተከትላው ወደ ጓሮ ትዞራለች።

የቱቦው አፍ ከመኝታ ቤቱ መስኮት ሥር፣ ከመሬት ጉልበት ያህል ከፍ ብሎ ወጥቷል። ማርቆስ ተንበርክኮ በስልኩ መብራት ወደ ውስጥ ያያል። ከዚያ ተነሥቶ ፒንሳውን ለሷ ይሰጣታል።

"እማማ፣ እርስዎ ራስዎ ያውጡት" ይላታል። "እኔ ካወጣሁት ያስገባሁት እኔ እመስላለሁ።"

ትንሽ እፍረት ይሰማታል፤ ቢሆንም ፒንሳውን ትቀበላለች። ተንበርክካ ፒንሳው የያዘላትን ነገር ትስባለች። እምቢ ይላል፣ ከዚያ ተመዞ ይወጣና የታቆረው ውሃ እጇ ላይ ይገነፍላል።

የሰማያዊ ጨርቅ ቁራጭ ነው። ጥብቅ ተደርጎ ተጠቅልሏል፣ በላዩ ላይ ክር ተመሳቅሎ ተጠምጥሞበታል፣ ጫፉ ሦስት ጊዜ ተቋጥሯል። ጨርቁን ታውቀዋለች፤ የገብረየስ የሥራ ቱታ ነው። ቋጠሮውንም ታውቀዋለች። ወጥ ቤቷ ውስጥ ያፈሰሰ ቧንቧ ሁሉ ዕድሜ ልኳን በሱ እጅ እንዲህ ሲጠመጠም ነው ያየችው።

"የሰፈር ልጆች ይሆናሉ" ትላለች ጨርቁን በጭብጧ ደብቃ።

ማርቆስ ጭብጧን ያያል፣ ፊቷን ያያል። "ይሆናሉ" ብሎ ፒንሳውን ይቀበላታል። ከውስጥ ሆኖ ውሃ ሊያፈስበት፣ እሷ ደግሞ መውረዱን አይታ ልትነግረው ተስማምተው ይገባል።

ብቻዋን ስትቀር ያለፉትን ወራት ወደኋላ ታስባለች። መነጽሩ ስኳር ዕቃ ውስጥ የተገኘው በጥምቀት ሰሞን ነበር። ያኔ ሙቀቱም አልመጣም፣ ኤሲውም አላፈሰሰም፣ ሰውየውም እንደ ሕፃን ይተኛ ነበር። ማሽኑ አይደለም እሱን ያበላሸው። አሸናፊ ትዝ ይላትና ታፍራለች፤ ግን ከእፍረቱ ይልቅ ፍርሃቱ ይበልጥባታል። ለዚህኛው ማንን እንደምትጠራ አታውቅም።

ውሃው በቱቦው መውረድ ይጀምራል። ወዲያው ገብረየስ እጅጌውን ሰብስቦ ከቤቱ ማዕዘን ብቅ ይላል። መሬት ላይ የሚፈሰውን ውሃ ሲያይ ፊቱ ይነቃል፤ እንዲህ ነቅቶ ካየችው ወራት አልፈዋል። ፈጠን ብሎ ይንበረከክና የቱቦውን አፍ በመዳፉ ይደፍናል።

"ገብሬ፣ ተወው" ትለዋለች። "መፍሰስ አለበት። የማሽኑ ውሃ ነው።"

ቀና ብሎ ያያታል። አስተያየቱ ደግ ነው፤ አቤቱታ ይዛ ቢሮ የመጣች ደንበኛን እንደሚያይ ነው የሚያያት።

"አይዞዎት እትዬ፣ ሳላስቆመው አልሄድም" ይላታል። "ብቻ ክሩን እስካመጣ የሚይዝልኝ ሰው እፈልጋለሁ። ባለቤትዎ የሉም?"

ማርቆስ ከመስኮቱ ውስጥ ውሃው ወረደ ወይ እያለ ይጠይቃል። እሷ ግን ከገብረየስ ጎን ትንበረከክና መዳፏን በእጁ ላይ ታደርጋለች።

"የለም" ትለዋለች። "እኔ ልያዝልህ።"

ውሃው ከሁለቱም እጅ ጣቶች መሃል ሾልኮ እየወጣ ክንዳቸውን ያርሰዋል።