አሮጌዎቹ ክሮች

የባንዱ መሪ ትናንት ቁርጡን ነግሮታል፤ «ቤዝህ ጆንያ ውስጥ ያለ ይመስላል። ነገ በዚሁ ድምፅ ከመጣህ ሌላ ሰው እንፈልጋለን።»

ቤዝ ተጫዋቹ ከጠዋት ጀምሮ ያልሞከረው ነገር የለም። የአምፕሊፋየሩን ትሬብል፣ ቀጭኑን ድምፅ፣ ጨመረ፤ ከጊታሩ ጋር የሚያገናኘውን ገመድ ለወጠ፤ ቀኝ እጁን ወደ ክር ማሰሪያው አስጠግቶ ጣቱ እስኪላጥ መታ። ወይ ፍንክች! ድምፁ ያው እንደታፈነ ነው።

ጊታሩ የሟች ታላቅ ወንድሙ ነበር። ወንድሙ «ክር የሚጥመው ሲያረጅ ነው፤ እንዳትነካብኝ!» ይል ስለነበር እስከ ዛሬ አልቀየራቸውም። እነዚሁ ክሮች በወንድሙ እጅ ቤቱን በድምፅ ይሞሉት ነበር። ዛሬ ግን ጨነቀው።

«በቃ፣ ይቅር በለኝ ወንድሜ» አለና ጉጠት አንስቶ አራቱንም ቆረጣቸው።

ጊታሩን ጭኑ ላይ እንዳስቀመጠ የአዲሶቹን ክሮች ማሸጊያ ሲቀድ ሚስቱ ከወጥ ቤት ጮኸች።

«እሰይ! አሁን ገና አገኘኸው! ልክ እንደ ወንድምህ!»

«ምኑን?» አላት።

«ድምፁን ነዋ! ኧረ እንዳታቆም!»

ማሸጊያው ከእጁ ወደቀ። ክር የሌለው ጊታር፣ ማንም ሳይነካው፣ ምቱን አንዴም ሳይስት፣ ሆዱ ላይ እየነዘረ ይጫወት ነበር።