የአባቷ ቋጠሮ

«እንዳትፈታው!» ሴትዮዋ መጋዘኑ እስኪያስተጋባ ጮኸች። ተሸካሚው እሳት እንደነካው ሰው እጁን ከጆንያው ላይ ሰበሰበ።

«ምነው እትዬ፣ እባብ አለበት እንዴ?»

ተንበርክካ የጆንያውን አፍ ዳበሰች። ሲባጎው ዞሮ ዞሮ ጫፉ ወደ ውስጥ ተደብቋል። የአገሩ ነባር ሕዝብ ሽማግሌ የሆኑት የአባቷ ቋጠሮ ነው። ይህን አስተሳሰር ሽማግሌ የሚያስተምረው ለልጁ ብቻ ነው፤ እሳቸውም ከእሷ ሌላ ልጅ አልነበራቸውም። ከዓመታት በፊት አንድ ማለዳ ከቤት ወጥተው ከቀሩ ወዲህ፣ በር በተንኳኳ ቁጥር መርዶ የመጣ እየመሰላት ስትባንን ኖራለች። በጆንያው ያለው ግን የዘንድሮ ምርት ነው!

«አባዬ አሉ! ቋጠሮው የእሳቸው ነው! በሕይወት አሉ!»

ተሸካሚው አዘነላት። «ሌላ ሰው ቋጥሮት ቢሆንስ?»

ልቧ ስንጥቅ አለ። ሲባጎውን ሳብ ብታደርገው ላላ። አባቷ ያሰሩት ላልቶ አያውቅም፤ ይህ የጀማሪ እጅ ነው። በልጅነቷ እሷም እንዲህ ስታላላው «ድገሚው!» ይሏት ነበር። ድንገት ሳቋ አመለጣት።

«አባዬ ልጄ ያላሉትን ሰው አያስተምሩም» አለች፣ እንባዋን በክንዷ እየጠረገች። «ከጠፉ በኋላ ወንድም ወይ እህት አምጥተውልኛል ማለት ነው! በል ንገረኝ፣ ይሄ ጆንያ ከየት ነው የተጫነው?»