ማናልበሽ ከጋቢና አልወርድም አለች

ማናልበሽ ጋቢና ገብታ በሩን በላይዋ ዘጋችው። ነጠላዋን አስተካክላ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ፊት ለፊት ማየት ጀመረች። መኪናው እንኳ ዛሬ የትም አይሄድም። ሞተሩ አልተነሳም፤ ሮቤ፣ እዚያው የራሷ ግቢ መሃል ቆሟል።

ልጇ ዘሪሁን ስልኩን ኮፈኑ ላይ አስደግፎ መንገዱን ለእህቱ ለረድኤት ያሳያታል። ሁለቱም ከአዲስ አበባ የመጡት የባሌን ትልቁን ተራራ፣ ቱሉ ዲምቱን ሊወጡ ነው፤ ከዚህ በፊት ተራራ የሚባል ወጥተው አያውቁም። በመኪና ከሮቤ ጎባ፣ ከጎባ ሳነቴ አምባ፤ እዚያ መኪናውን ያቆሙና ጫፉን በእግራቸው ይወጣሉ። እናታቸው ጎባ ላይ ትወርድና እህቷ ቤት ትጠብቃቸዋለች። ማናልበሽ የምትከትፈውን ሽንኩርት ጥላ የተነሳችው ይቺን "ትጠብቀናለች" የምትል ቃል ስትሰማ ነው።

"እማዬ፣ ውረጂ እንጂ። ሰው ምን ይላል?" አለች ረድኤት።

"ተራራ ልትወጣ ነው ይላል።"

ዕድሜዋን የፈጀችው ጎባ፣ የእንግዳ ማረፊያ ወጥ ቤት ውስጥ ነው። ለሚወጣው ሁሉ ድንች ቀቅላ፣ ዳቦ ጠቅልላ፣ በሰላም ግቡ እያለች ሸኝታለች። ወጣቱ ወጣ፣ ሽማግሌው ወጣ፤ ጉልበቷን በጨርቅ ያሰረች ፈረንጅ አሮጊት ሳትቀር ወጥታ ወረደች። ሲመለሱ ፎቶውን ያሳዩዋትና ቆንጆ ነው ይሏታል። እሷም አዎ፣ ቆንጆ ነው ትላለች።

ልጆቹ ለምነው ሲያቅታቸው ነፍስ አባቷን ጠሩ። ማናልበሽ ለባሏም ለቀበሌም እምቢ ብላ ታውቃለች፤ ለነፍስ አባቷ ግን አንድ ቀን እምቢ ብላ አታውቅም። ልጆቹም ይህን ያውቃሉ። ቄስ ተክለማርያም ጃንጥላቸውን ተደግፈው ሲገቡ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ መስቀል ተሳለመች። አልወረደችም።

ዘሪሁን ክሱን አቀረበ። ጊዜው የገና ጾም ነው፤ እናቱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውሃም አትቀምስም። ላይ ደግሞ አየሩ ስስ ነው፤ ውሃ ያልጠጣ ሰው ራሱ ይዞራል፣ ይወድቃል። ረድኤትም የእናቷን ደም ግፊት ጨመረችበት።

ቄሱ ወደ መስኮቱ ጎንበስ አሉ። "እንግዲያ ለዚያች ቀን ከጾሙ ልፍታሽ። ውሃሽን ጠጥተሽ ሂጂ።"

"አይሆንም አባቴ። ለሽርሽር ብዬ ጾም አልሽርም።"

"እንግዲያው ውረጂ።"

እምቢ የሚባለው ለካህን ሲሆን፣ ለካ ቃሉ እንደ አጥንት ጉሮሮ ላይ ይቆማል።

"ጾሙን እርስዎ አስተማሩኝ፤ እጠብቀዋለሁ" አለች። "ተራራውን ግን እግዜር ነው የሠራው። ሰው ሁሉ እንዲያየው ደጅ አስቀምጦታል። አንቺ ብቻ ጎባ ቁጭ በይ አላለኝም።"

ዘሪሁን ሊናገር ሲል ቄሱ በእጃቸው ዝም አሰኙት። ተቆጥተው ይሁን ሳቃቸውን ይዘው ፊታቸው አያስታውቅም።

"ጉዞው መቼ ነው?"

"ዓርብ።"

"ዓርብን የመረጠው ማነው?"

ዘሪሁን እኔ ነኝ አለ። ቅዳሜንና እሁድን አርፈው ሰኞ ሥራ እንዲገቡ ብሎ ነው።

"ቅዳሜ ቢሆን ኖሮ" አለች ማናልበሽ፣ አሁንም ፊት ለፊት እያየች፣ "በጠዋት አስቀድሼ፣ ሽሮዬን በልቼ፣ ውሃዬን እየጠጣሁ እሄድ ነበር። ከቅዳም ስዑር በቀር በሰንበት እህል ውሃ አይከለከልም። ልጆች ሳላችሁ እኮ ታውቁት ነበር። ደግሞ የጠየቀኝም የለም።"

ወንድምና እህት ተያዩ። እስካሁን ጎማውን ሲነካካ የቆየው ባለመኪናው ዓብዱልፈታሕ ቀና አለ።

"ዱጋ ዳ፣ እውነታቸውን ነው። እኔም ዓርብ ጁምዓ አለብኝ። ከደንበኛ ጋር አልጨቃጨቅም ብዬ ነው ዝም ያልኩት። አዮ ማናልበሽ፣ እናታችን፣ እዚህ ባይቀመጡ ኖሮ ሰላቴ ቀርታ ነበር።"

ቄሱ ሳቃቸው አመለጣቸው። ጃንጥላቸውን አነሱና፣ ቅዳሜ ቅዳሴውን አናስረዝምባችሁም ብለው ወጡ።

ረድኤት የእናቷን ደም ግፊት እንደገና አነሳች። ማናልበሽ ኪኒኔን እይዛለሁ አለቻት። የቀረው ዘሪሁን ነው። መጥቶ መስኮቱ ላይ ተደገፈና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ብትወድቂብኝስ፣ እማዬ?"

ማናልበሽ አሁን ገና ዞራ አየችው። አገጩ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ ሕፃን ሆኖም ሲፈራ እንዲሁ ነበር።

"ከደከመኝ እቀመጣለሁ። መቀመጥ እንደማያቅተኝ አይተሃል። ካልሆነልኝም ተመልሼ መኪናው ውስጥ እጠብቃችኋለሁ። ጎባ ግን አልጠብቅም።"

ዓይኑ ወደ እግሯ ወረደ። ያደረገችው የቤት ላስቲክ ጫማ ነው።

"በዚህ ጫማ አይወጣም።"

"ግዛልኛ።"

"ስንት ቁጥር ነው..." ብሎ ጀመረና ተወው። ወደ ረድኤት ዞረ። ረድኤትም ራሷን ነቀነቀች፤ አታውቅም።

ማናልበሽ አልነገረቻቸውም። የቀኝ ጫማዋን አወለቀችና በመስኮቱ አሻግራ እጁ ላይ አስቀመጠችለት። ካልሲ ስለምደርብ ትንሽ ሰፋ ይበል አለችው።

ዘሪሁን ጫማውን ገልብጦ አየው። ተረከዙ በአንድ በኩል አልቋል። ሊለካበት ስንዝሩን ዘረጋ፤ ከዚያ ሳይለካ እንደያዘው ቆመ። እሷም ባዶ እግሯን አጥፋ ወንበሩ ላይ ሰበሰበችና፣ መስኮቱን ግማሽ ድረስ ዘጋችው።